የሕፃን ትንፋሽ መቼ ያስፈራል?



ባለፈው ክረምት ስማዳ ቤተሰብ ጥየቃ ሄጄ ሳለሁ የእኅቴን ልጅ ሳል ያዘው። ዕድሜው ዓመት ከመንፈቅ ነው። ጎረቤት ተሰበሰበና ግማሹ «ብርድ መትቶት ነው»፣ ግማሹ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» አለ። ቆራጩም ተልኮበት ነበር። እኔ «የተማረ» ተብዬው አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደርሳ ልብሱን ገለጠችና ሰዓቷን ይዛ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች፤ 56። አየር ሲስብ ከጎድኑ በታች ይሰረጉዳል፤ ጡትም እምቢ አለ። «ይሄ ከኔ አቅም በላይ ነው» ብላ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥታ ወደ ሆስፒታል ላከችን። ኦክስጅን ተደርጎለት ዳነ።

ቁጥሩን ያን ጊዜ ነው ደብተሬ ላይ የጻፍሁት። ልጁ ሳያለቅስና ሳይጠባ በደቂቃ የሚቆጠረው ትንፋሽ ከ2 ወር በታች 60፣ እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ፈጥኗል ማለት ነው። የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ኬላ ይድረስ። («ምች» ስለተባለ ዳማከሴ የሚጨምቁ አሉ፤ ስሙ ነው ያሳሳታቸው እንጂ በሽታው ከጀርም የሚመጣ ነው።) ደረቱ የሚሰረጉድ፣ መጥባት ያቃተው፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘ ልጅ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ሁለት ወር ያልሞላውም እንዲሁ።

ታዲያ በሽሮፕና በመርፌ የማያልቅ፣ ስፔሻሊስት የሚፈልግም አለ። ሽምብራ እየቆረጠመ ሲስቅ ትን ብሎት ከዚያ ወዲህ ሳሉ ያልለቀቀው ልጅ፣ ፍሬው ሳንባው ውስጥ ገብቶ ይሆናል። መርፌ ቢደጋገም አያወጣውም፤ በመሣሪያ የሚያወጣ ሐኪም ያስፈልጋል። ወላጅ ምን እየበላ እንደጀመረው ካልተናገረ ሐኪሙ ከየት ያውቃል? ሌሊት ሌሊት ደረቱ የሚያፏጭ፣ የምድጃ ጢስ የሚያብስበት ደግሞ አስም ሊሆን ይችላል።

እኛን መምህራንን ይበልጥ የሚመለከተን ግን ይህኛው ነው። ጉሮሮውን ታሞ፣ ቆይቶ መገጣጠሚያው አብጦ፣ አሁን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው ተማሪ ችግሩ ከሳንባው ሳይሆን ከልቡ ሊሆን ይችላል። የጋይንትም የእስቴም መንገድ ዳገት ስለሆነ ማን ወደ ኋላ እንደቀረ ማየት አያዳግትም። «ሰነፍ» ብለን ሜዳ ዙር ከማለታችን በፊት አባቱን ጠርተን እንጠይቅ። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ እንዲህ ያለ ልጅ አብሮን ነበር፤ አርፍደሃል እየተባለ ጠዋት ጠዋት ይንበረከክ ነበር።