የአንድ ጨዋታ ምስክርነት፦ የሊዮ ፊሸል አጭር የቤዝቦል ሕይወት

ሊዮ ፊሸል በአሜሪካ ከፍተኛ የቤዝቦል ሊግ የተሰለፈ የመጀመሪያው አይሁዳዊ ኳስ ወርዋሪ ተብሎ ይጠቀሳል። በዚያ ሊግ ያሳለፈው ዘመን ግን በአንድ ጨዋታ ተጀምሮ በዚያው አበቃ። እንዲህ ያለ አጭር ታሪክ ብዙውን ጊዜ ወይ በችሎታ ማነስ ወይ በጸረ-አይሁድ ጥላቻ ይተረጎማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ትርጓሜዎች ከማስረጃው ጋር ማመዛዘን ነው።

ፊሸል እ.ኤ.አ. በ1877 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ባቢሎን በተባለች መንደር ተወልዶ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተምሯል። ሜይ 3 ቀን 1899 ለኒው ዮርክ ጃያንትስ ተሰልፎ ከፊላዴልፊያ ጋር በተደረገው ጨዋታ ዘጠኙንም ዙር ብቻውን ወረወረ፤ ቡድኑም ተሸነፈ። በስሙ የተመዘገበው አማካይ በዘጠኝ ዙር 6.00 ነጥብ ሲሆን፣ ይህም ደካማ ውጤት ነው። ሆኖም ጃያንትስ በዚያው ዓመት ከ12 ቡድኖች 10ኛ የወጣ በመሆኑ፣ ከአንድ ቀን ሽንፈት ተነሥቶ የወርዋሪውን ችሎታ መወሰን ያዳግታል።

ጥላቻው በሜዳው ላይ እንደነበረ ግን አያጠራጥርም። ጁላይ 25 ቀን 1898 የባልቲሞር ተጫዋች ዳኪ ሆምስ የጃያንትስን ባለቤት አንድሩ ፍሪድማንን በአይሁዳዊነቱ ሰደበው። ፍሪድማን ሆምስ ከሜዳ እንዲወጣ ጠየቀ፤ ዳኛው እምቢ ስላለም ቡድኑን አስወጥቶ ጨዋታው በፎርፌ ለባልቲሞር ተሰጠ። ሃሪ ኮኸን የተባለው ወርዋሪም ከ1902 እስከ 1906 በነበሩት ዓመታት የተጫወተው ሃሪ ኬን በሚል ስም ነበር። ይሁንና ፊሸል የተሰለፈው በራሱ ስም፣ ባለቤቱ አይሁዳዊ በሆነ ቡድን ውስጥ ነው። ስለዚህ የዘመኑ ጥላቻ የእርሱን ስንብት በቀጥታ አያስረዳም።

ሦስተኛ ምክንያትም ሊታሰብ ይገባል። በ1890ዎቹ ሊጉ የአንድ ተጫዋችን ደመወዝ በዓመት ከ2,400 ዶላር እንዳያልፍ ገድቦ ነበር። ፊሸል በበኩሉ በኋላ በሎንግ አይላንድ የጥብቅና ሙያ ይዟል። ለተማረ ወጣት ቤዝቦል ብቸኛው መተዳደሪያ አልነበረም።

በመሆኑም ከ«ለምን ተባረረ?» ይልቅ «ምን አማራጭ ነበረው?» የሚለው ጥያቄ ለምርምር የተሻለ በር ይከፍታል። የአጭር ሙያ ታሪክ የሚመረመረው ከሜዳው መዝገብ ብቻ ሳይሆን ከሜዳ ውጭ ከተገኘው ኑሮ ጭምር ነው።