ሌዘሩን ሳይሆን ግድግዳውን እዩ

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አንድ የካርቶን መነጽር ነው። መነጽሩ ርካሽ ነው፤ ግን ብዙ አስተምሮኛል። ያስተማረኝ በደስታ ብቻ ሳይሆን በድንጋጤም ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናችኋለሁ።

መነጽሩን ያመጣችልኝ ለክረምት ከአሜሪካ የመጣችው አክስቴ ናት። እዚያ አገር ጁላይ 4 የነጻነት ቀናቸው ሲከበር ማታ ርችት ይተኮሳል፤ አንዳንድ ልጆች ይህን መነጽር አድርገው ያያሉ አለችኝ። ፍሬሙ ካርቶን ነው፤ በመስታወት ፈንታ ስስ ላስቲክ አለው። በእጅ ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል። አድርጋችሁት አምፖል ስታዩ ግን በአምፖሉ ዙሪያ በየአቅጣጫው ቀስተ ደመና ይወጣል።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ከሰፈራችን ራቅ ብሎ ርችት ሲተኮስ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጣ። እኔም መነጽሬን አድርጌ ወጣሁ። አንዱ ርችት ሲፈነዳ በዙሪያው ሌሎች ርችቶች አብረው የፈነዱ መሰለኝ። ነጩ ብልጭታ ወደ ጎን ተጎትቶ ቀስተ ደመና ሆነ። የቀዩ ርችት ቅጂዎች ግን በአብዛኛው ቀይ ብቻ ነበሩ። ለምን?

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ርችት ውስጥ ያለው ባሩድ ብቻ አይደለም። ቀለም የሚሰጡ ነገሮች ይጨመሩበታል። ስትሮንቲየም ቀይ፣ ባሪየም አረንጓዴ፣ ሶዲየም ቢጫ፣ መዳብ ሰማያዊ ይሰጣሉ። ማግኒዥየምና አሉሚኒየም ሲቃጠሉ ደግሞ ደማቅ ነጭ ናቸው። (ሶዲየም በወጥ ጨው ውስጥም አለ። ጨው ምድጃ ላይ ሲፈስ እሳቱ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው።) ነጭ ብርሃን የብዙ ቀለሞች ድብልቅ ስለሆነ መነጽሩ ይበትነዋል። ቀዩ ብርሃን ውስጥ ግን የሚበተን ሌላ ቀለም ብዙም የለም።

መነጽሩ እንዴት ይበትናል?

ላስቲኩ ላይ በዓይን የማይታዩ ጭረቶች አሉ። ከመነጽሩ ጋር የመጣችው ወረቀት በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ 500 ጭረት ትላለች። እስኪ ማስመሪያችሁን አውጡና 1 ሚሊ ሜትር ምን ያህል እንደሆነች እዩ። እዚያች ውስጥ 500! ስለዚህ ከአንዱ ጭረት እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት 1 ÷ 500 = 0.002 ሚሊ ሜትር፣ ወይም 2000 ናኖ ሜትር ነው። እንዲህ ያለ ነገር ዲፍራክሽን ግሬቲንግ ይባላል።

ብርሃን እንደ ውሃ ሞገድ አለው። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ በሁለት ጣት ሁለት ቦታ ብትነኩት ሁለት ክብ ሞገዶች ይነሳሉ። የአንዱ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ሲገናኝ ውሃው ይበልጥ ከፍ ይላል። ከፍታ ከዝቅታ ጋር ሲገናኝ ግን ይጠፋፋሉ። በጭረቶቹ መካከል የሚያልፈው ብርሃንም እንደዚሁ ነው። በአንዳንድ አቅጣጫ ይደምቃል፣ በሌላው ይጠፋል። የቀይ ብርሃን ሞገድ ከሰማያዊው ስለሚረዝም ቀዩ ከመሀል ራቅ ብሎ፣ ሰማያዊው ቀረብ ብሎ ይደምቃል። ፕሪዝም ላይ ግን ተቃራኒ ነው፤ ብዙ የሚታጠፈው ሐምራዊው ነው።

ይህ ነገር መጀመሪያ የታየው በፋብሪካ ላስቲክ አይደለም። ጄምስ ግሪጎሪ የሚባል የስኮትላንድ ሊቅ በ1673 እ.ኤ.አ. የፀሐይ ብርሃን በትንሽ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል አስገብቶ ቀዳዳው ላይ የወፍ ላባ አደረገ። ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ብዙ ባለ ቀለም ክቦች አየ። በ1785 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካዊው ዴቪድ ሪተንሃውስ ፀጉሮችን በቀጭን ብሎኖች ጥርስ ላይ ጎን ለጎን ወጥሮ ግሬቲንግ ሠራ። ግሪጎሪ ያየው ፀሐይዋን ሳይሆን ግድግዳውን እንደሆነ አደራ አትርሱ። እኔ ይህን ሳላውቅ ነው ጥፋት ያጠፋሁት።

የሌዘሩ ጉዳይ

ቤት ውስጥ ከሱቅ በደረቴ የተገዛች የቁልፍ መያዣ ላይ ያለች ቀይ ሌዘር ነበረችን። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ መነጽሩን ሌዘሯ ፊት ይዤ ወደ ግድግዳ አበራሁ። አንዷ ነጥብ ብዙ ሆነች! ግድግዳውና ጣሪያው በቀይ ነጥብ ተሞላ፤ በጣም ደስ አለኝ። ትንሹ ወንድሜ ግን ግድግዳው ሥር ዱካ ላይ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ተቀምጦ ነበር። እኔ ወደ እሱ አላነጣጠርኩም። ዋናዋ ነጥብ ከእሱ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ትርቃለች። በድንገት “ዓይኔን! ዓይኔን!” ብሎ ጮኸ። የጎን ነጥብ ፊቱ ላይ አርፋ ነበር።

እናቴ ሻማ ይዛ ሮጣ መጣች። “አንቺ! ዓይኑን ልታጠፊው ነው እንዴ?” አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ አይተውለት ደኅና ነው ተባለ። እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን “ወደ እሱ ሳላበራ እንዴት ነካው?” የሚለው ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ስለዚህ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። እሳቸውም “ለክተን እንየው” አሉኝ።

የለካነው እንዲህ ነው፦

1. ሌዘሯንና መነጽሩን ከግድግዳው 1 ሜትር ላይ ጠረጴዛ ላይ አሰርናቸው። ተማሪው ሁሉ ከኋላ ቆመ፤ ከፊት ማንም አልነበረም።
2. ከመሀል ነጥብ እስከ መጀመሪያዋ የጎን ነጥብ ለካን፤ 34 ሳንቲ ሜትር ሆነ።
3. ሌዘሯን አጥፍተን ከመነጽሩ እስከ ጎን ነጥቧ ምልክት ድረስ በክር ለካን፤ 106 ሳንቲ ሜትር ሆነ።
4. 34ን ለ106 አካፍለን በ2000 አባዛን፤ 641 ናኖ ሜትር ገደማ መጣ። የቀዩ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ይህ ነው። ሌዘሯ ላይ የተጻፈው 650 ነው። በሜትርና በክር ብቻ ይህን ያህል መቅረባችን ክፍሉን ሁሉ አስጨበጨበ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ገባኝ። በ1 ሜትር ላይ 34 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በ2 ሜትር ላይ 68 ነው። እኔ ያን ማታ ከግድግዳው 2 ሜትር ያህል ርቄ ነበር፤ ወንድሜም የተቀመጠው ልክ እዚያ አካባቢ ነው። መነጽሩ ሌዘሩን ወዳላነጣጠርንበት ቦታ ይልከዋል ማለት ነው።

ሌዘር ለምን ለዓይን አደገኛ ሆነ? የዓይናችን ሌንስ ጨረሩን ሰብስቦ ከኋላ ባለው ረቲና በሚባለው ስስ ሽፋን ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ያደርገዋል። ማጉያ መነጽር የፀሐይን ብርሃን ሰብስቦ ወረቀት እንደሚያቃጥለው ማለት ነው። ረቲና ሕመም ስለማይሰማው ቢጎዳም ወዲያው ላናውቅ እንችላለን። ርካሽ ሌዘሮች ደግሞ ላያቸው ላይ ከተጻፈው የበለጠ ኃይል የሚኖራቸው ጊዜ አለ። ማታ ማታ በባጃጅ ሹፌር ፊት ላይ ሌዘር የምታበሩ ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት። ሹፌሩ ለአፍታ ካላየ መንገድ ላይ ያለ ሰው ሊገጭ ይችላል።

ስለዚህ እነዚህን ሕጎች ያዙልኝ፦

• መነጽሩን አድርጋችሁ ሌዘር ውስጥ በፍጹም አትመልከቱ። ሌዘር ሲበራ የሚታየው ግድግዳው ነው፤ ያውም አዋቂ ባለበት።
• ከመነጽሩ ፊት ለፊትም ሆነ በጎን ሰው አይኑር። መስታወትና ሲዲም ጨረሩን ስለሚመልሱ ይነሱ።
• ርችትን ከሩቅ ብቻ እዩ። መነጽሩን አድርጋችሁ አትራመዱ፤ መሬቱ ይምታታባችኋል።
• ፀሐይን አትዩበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ በኩል የፀሐይ ግርዶሽ ሲታይ ሰው የካርቶን መነጽር አድርጎ ነበር። ያኛው ጥቁር ነው፤ ቤት ውስጥ ብታደርጉት ምንም አያሳያችሁም። የእኔው ቀለም ያሳያል እንጂ ብርሃን አይከለክልም።

መነጽር የሌላችሁ አትዘኑ። የሲዲ ጀርባ ላይ የሻማ ብርሃን ብታዩ ቀስተ ደመናውን ታገኛላችሁ። ማታ ደግሞ ሩቅ ያለ የመንገድ መብራት በተዘረጋ ጃንጥላ ጨርቅ ውስጥ ተመልከቱ፤ በክሮቹ ምክንያት መብራቱ በመስቀል ቅርጽ ይበተናል።

ጥያቄዎች፦
1ኛ. አረንጓዴ ሌዘር የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖ ሜትር ነው። የጎን ነጥቡ ከቀዩ ይልቅ ወደ መሀል ይቀርባል ወይስ ይርቃል?
2ኛ. የሲዲ መስመሮች በመካከላቸው 0.0016 ሚሊ ሜትር አላቸው። ከእኔ መነጽር ይልቅ ብርሃኑን አስፍቶ የሚበትነው የትኛው ነው?

መልስ፦ 1ኛ. ይቀርባል፤ ሞገዱ አጭር ነውና። 2ኛ. ሲዲው፤ መስመሮቹ ይበልጥ የተጠጋጉ ናቸውና።

አሁን ሌዘሯ እናቴ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባታል። መነጽሩን ግን ከወንድሜ ጋር እየተቀያየርን ሻማ እናይበታለን። ቀስተ ደመናውን ባየ ቁጥር “ሌዘር ግን የለም አይደል?” ብሎ ይጠይቀኛል። የለም እለዋለሁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል