ምልክት የሌለው ክፍል ቦታውን እንዴት ይናገራል?
የአሮጌ ሞተር ሳይክል ሞተር መልሶ መገጣጠምና ፊዚክስ

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈርና በዲመካ በኩል ወደ ቱርሚ፣ ከዚያም ወደ ኦሞራቴ ለሚወርድ ሠራተኛ ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የጤና ባለሙያውም ሆነ የግብርና ሠራተኛው መኪና የማይገባበትን መንደር የሚደርሱት በእርሱ ነው። ስለሆነም አሮጌ ሞተር በቀላሉ አይጣልም፤ ተፈትቶ ይጠገናል፣ መልሶም ይገጠማል። ችግር የሚፈጠረው የሁለት ወይም የሦስት ሞተሮች ክፍሎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲደባለቁ፣ የፋብሪካው መምሪያ ሲጠፋና በክፍሎቹ ላይ ተቀርጾ የነበረው ቁጥር በዝገትና በጥላሸት ሲደመሰስ ነው።

እንዲህ ያለውን ሣጥን ስንከፍት ከየት እንጀምራለን? በዚህ ጽሑፍ እንደምናሳየው እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ባይጻፍበትም የራሱ ምልክት አለው። የተሠራበት ቁስ፣ መጠኑና በአገልግሎት ዘመኑ የደረሰበት ሰበቃ ቦታውን ይናገራሉ። የእኛ ድርሻ በትክክል መጠየቅ ነው፤ መጠየቂያው ደግሞ ልኬት ነው። ለምሳሌነት የምንወስደው ለገጠር ሥራ ተብሎ የተሠራውን ያማሃ ኤጂ 100 ሲሆን፣ ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ ሁለት ምት ነው።

1. በቁስ መለየት

የመጀመሪያው መሣሪያ ማግኔት ነው። ብረትና የብረት ውሑዶች በአብዛኛው በማግኔት ይሳባሉ፤ አልሙኒየምና ነሐስ ግን አይሳቡም። ቀጥሎ እፍጋት ይመጣል። ክፍሉን በሚዛን መዝነን፣ በውኃ በተሞላ ዕቃ ውስጥ ስናጠልቀው የሚገፋውን ውኃ እንለካለን። መጠነ ቁሱን ለይዘቱ ስናካፍል ለአልሙኒየም 2.7፣ ለብረት ከ7 እስከ 7.9፣ ለነሐስ ደግሞ 8.8 ግራም በኩብ ሴንቲሜትር ገደማ እናገኛለን። ቀለሙ የጠፋ ቡሽ ነሐስ ይሁን ብረት በዚህ ይታወቃል።

2. ቡሎንና ቀዳዳ

ቡሎን ሁሉ ይመሳሰላል፤ ዳሩ ግን አንድ አይደለም። የጃፓን ሞተሮች በሜትሪክ ልክ የተሠሩ ናቸው። የተለመደው ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን በሁለት ጥርሶቹ መካከል 1 ሚሊሜትር፣ ባለ 8 ሚሊሜትሩ ደግሞ 1.25 ሚሊሜትር ርቀት አለው። ይህን ርቀት አንድ ጥርስ ብቻ ለክቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ የአሥር ጥርሶችን ርቀት ለክቶ ለ10 ማካፈል ግን የልኬቱን ስህተትም ለ10 ያካፍለዋል። በቤተ ሙከራ የፔንዱለምን ዙረት ስንለካ የምንከተለው ስልት ይኸው ነው።

ርዝመቱም አይዘነጋም። የቀዳዳውን ጥልቀት በቀጭን ሽቦ ለክተን ከቡሎኑ ጋር እናመሳክራለን። ረጅም ቡሎን በአጭር ቀዳዳ ውስጥ በኃይል ቢጠብቅ የአልሙኒየሙን ሽፋን ይሰነጥቀዋል።

3. ፒስተንና ሲሊንደር

በሞተር ውስጥ እጅግ ጥንቃቄ የሚሻው ጥንድ ይህ ነው። የኤጂ 100 የሲሊንደር ዲያሜትር 52 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት ደግሞ 45.6 ሚሊሜትር ነው። የክቡን ስፋት በምቱ ስናባዛ 96.8 ኩብ ሴንቲሜትር እናገኛለን፤ በተለምዶ 97 ሲሲ የሚባለውም ይኸው ነው። ስለዚህ ምንነቱ የማይታወቅ ሲሊንደርና ክራንክ ሻፍት ሲገጥመን ዲያሜትሩንና ምቱን መለካት የሞተሩን ዓይነት ለማወቅ ይረዳናል።

ይሁን እንጂ «ገባ» ማለት «ገጠመ» ማለት አይደለም። የሲሊንደሩ ልክ 52.00 ሚሊሜትር ነው እንበል። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ፒስተኖች አሉ፤ የአንዱ ቀሚስ (የታችኛው ክፍል) ዲያሜትር 51.97፣ የሁለተኛው 51.92 ነው። ሁለቱም በቀላሉ ይገባሉ፤ በዓይንም አይለዩም። የትኛውን እንምረጥ?

መልሱ በሙቀታዊ መለጠጥ ውስጥ ይገኛል። የፒስተን አልሙኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ የርዝመቱን 20 ሚሊዮንኛ ያህል፣ የሲሊንደሩ ብረት ግን 11 ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። ሁለቱም በ100 ዲግሪ ቢሞቁ፦

ፒስተኑ፦ 52 × 0.000020 × 100 = 0.104 ሚሊሜትር
ሲሊንደሩ፦ 52 × 0.000011 × 100 = 0.057 ሚሊሜትር

ልዩነቱ 0.047 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያው ፒስተን የነበረው ክፍተት 0.03 ብቻ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ክፍተቱ ጠፍቶ ፒስተኑ ይነክሳል። ሁለተኛው ከ0.08 ክፍተት 0.033 ይተርፈዋል። በጂንካ ማለዳ ያለ እንከን የተነሣ ሞተር ከሰዓት በኋላ ውኃም ጋራዥም በሌለበት ቆላ ሊቆም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እስከ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ የሚያነብ ካሊፐር ይህን ልዩነት አስተማምኖ አይለይም፤ 0.01 ሚሊሜትር የሚያነብ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል።

ይኸው ሕግ ሌላም ምልክት ይሰጠናል። የፒስተኑ አናት ከቀሚሱ ይልቅ ስለሚሞቅ ሲሠራ ጠበብ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ዲያሜትሩ አናቱ ላይ ሳይሆን ቀሚሱ ላይ ይለካል።

4. የማርሽ ጥርሶች

በካምቢዮ ውስጥ ሁለት ትይዩ ዘንጎች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይለወጥም። የጥርሶቹ መጠን እኩል ከሆነ፣ አብረው የሚሠሩ የማንኛቸውም ሁለት ማርሾች የጥርስ ድምር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ጥንድ ባለ 16 እና ባለ 28 መሆኑ ከታወቀ ድምሩ 44 ነው፤ እንግዲህ ባለ 20 ጥርሱ ማርሽ የሚፈልገው ጓደኛ ባለ 24 ነው። ተበታትነው የነበሩ ማርሾች በመቁጠር ብቻ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ።

5. ሰበቃ የጻፈው ታሪክ

ለረጅም ጊዜ አብረው የሠሩ ሁለት ክፍሎች አንዱ በሌላው ላይ አሻራውን ይተዋል። በፒስተኑ ላይ የጭስ መውጫው ወገን አብዝቶ ስለሚሞቅ የጥላሸቱና የሰበቃው መልክ ከሌላው ወገን ይለያል። በፋሻ ማስገቢያው ውስጥ ያለው ትንሽ ፒን ደግሞ የፋሻው ጫፎች በሲሊንደሩ መስኮቶች ላይ እንዳይውሉ የሚያደርግ ስለሆነ፣ በአናቱ ላይ የነበረው ቀስት ቢጠፋም የፒስተኑ አቅጣጫ ይታወቃል።

ይህ ዘዴ በደቡብ ኦሞ ምድር ከሞተር እጅግ በላቀ ጉዳይ ላይም ውሏል። በ1967 እ.ኤ.አ. በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን በኪቢሽ «ኦሞ 1» የተባለውን የጥንት ሰው ቅሪት አገኘ። ከ1999 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ወደዚያው ሥፍራ የተመለሱ ተመራማሪዎች ተጨማሪ ስብርባሪዎችን ሲያገኙ፣ አንዱ የጭን አጥንት ስባሪ በ1967 ከተገኘው ጋር ስብራት ለስብራት ገጠመ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ከቅሪቱ በላይ ያለውን የእሳተ ገሞራ አመድ በኬሚካዊ ይዘቱ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር በማዛመድ ዕድሜውን ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ገደማ አድርሶታል። አጥንቱም አመዱም ስም አልተጻፈባቸውም ነበር፤ አንዱን ቅርጹ፣ ሌላውን ቁሱ አስታወቀው።

6. የቆላው አየር

ሞተሩ ተገጥሞ ቢነሣም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የካርቡራተሩ ጄት። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ከፍታ በላይ ስትሆን፣ የቱርካና ሐይቅ ዳርቻ 360 ሜትር ገደማ ነው። የአየር ግፊቱ ወደታች ስንወርድ 13 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የቆላውን ሙቀት ስናስብ የአየሩ እፍጋት ጭማሪ ወደ 10 በመቶ ይሆናል። በቀላል ካርቡራተር የአየርና የቤንዚን ምጣኔ ከእፍጋቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚያድግ፣ ድብልቁ 5 በመቶ ያህል ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም ሊቀንስ ይችላል። ይህም በክፍል 3 ያየነውን ክፍተት የበለጠ ያጠብበዋል።

ጉድለቱን ለማካካስ የጄቱ ቀዳዳ ስፋት በ5 በመቶ፣ ዲያሜትሩ ግን በ2.5 በመቶ ብቻ ማደግ አለበት፤ ይኸውም ከ1.00 ወደ 1.025 ሚሊሜትር ነው። ቁጥራቸው የጠፋ ጄቶችን በዓይን ለይቶ ማስቀመጥ ስለማይቻል፣ ከእሳት በራቀ ሥፍራ፣ በእኩል ከፍታ በተቀመጠ ቤንዚን፣ በአንድ ደቂቃ የሚያሳልፉትን መጠን ለክቶ ማወዳደር ይሻላል። ሞተሩ የሚሠራው በቆላም በደጋም ከሆነ ጄቱ ለቆላው ይመረጥ፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ያጨሳል፣ ኃይሉም ይቀንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ግን ይነክሳል።

ማጠቃለያ

ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት ካንዴላውን አውጥተን በእጅ ደጋግመን እናዙረው። የሚይዝ ቦታ ካለ ኃይል አንጨምር፤ ፈትተን ዳግመኛ እንለካ። በኃይል የገባ ክፍል የተሳሳተ መልስ ነውና። ምልክት የሌለውን ክፍል በግምት የሚገጥም ሰው የሞተሩን ብቻ ሳይሆን በርሱ የሚጓዘውን ሰው ዕድል ይሞክራል፤ ለክቶ የሚገጥም ግን የጠፋውን መምሪያ ራሱ ይጽፈዋል።

መልመጃ

ሀ) ዲያሜትሩ 56፣ ምቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሞተር ስንት ሲሲ ነው?
ለ) በክፍል 3 የተጠቀሱት ክፍሎች በ80 ዲግሪ ብቻ ቢሞቁ የመጀመሪያው ፒስተን ይነክሳልን?
ሐ) በክፍል 4 ካምቢዮ ውስጥ ባለ 18 ጥርሱ ማርሽ ከየትኛው ጋር ይጣመራል?

መልስ፦ ሀ) 123 ሲሲ ያህል፤ ለ) ልዩነቱ 0.037 ሚሊሜትር ስለሆነ ይነክሳል፤ ሐ) ከባለ 26 ጥርሱ።