ቈጠራና ምርጫ በአዲስ አበባ

ዩኒቨርሲቲያችንና የከተማው አስተዳደር ተባብረው ባቋቋሙት በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል የእጽዋት ትምህርት ተማሪ ሥራውን የሚጀምረው በቈጠራ ነው። በ705 ሄክታሩ ውስጥ ምን ዓይነት ዛፍ በምን ያህል ብዛት እንዳለ ሳያውቅ ስለ ደኑ ሊናገር አይችልም። ከዚያ ከፍታ ቁልቁል ስለምትታየው ከተማም ነገሩ እንዲሁ ነው። ስለ ምርጫዋ ከመከራከራችን በፊት ሕዝቧንና የምርጫውን ሥርዓት እንመርምር።

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንትና የአገር ሹማምንት ነበሩ። ተሻሽሎ የወጣው የ1948 ሕገ መንግሥት 21 ዓመት ለሞላው ወንድና ሴት የመምረጥ መብት ሰጠ። በ1950 መግቢያ በተደረገው የመጀመሪያ የሕዝብ ምርጫም ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። ይሁን እንጂ ፓርቲ የሚባል አልነበረም፤ ለመመረጥም ንብረት ያስፈልግ ነበር።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን 18 ዓመት የሞላው ሁሉ በየ5 ዓመቱ ይመርጣል። ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 ወንበሮች 23ቱ የአዲስ አበባ ናቸው። በ1997 ቅንጅት 23ቱንም አገኘ፤ በ2002 ኢሕአዴግ 22ቱን፣ በ2007 ደግሞ 23ቱንም ወሰደ፤ በ2013 ብልጽግና 22ቱን አሸነፈ።

እንግዲህ የከተማው ሰው አሳብ ይህን ያህል ተገለባበጠን? አንደኛው ምክንያት ከ1997 በኋላ የተቃዋሚ መሪዎች መታሰራቸውና ቅንጅት መበተኑ ነው። ሁለተኛው ሥርዓቱ ራሱ ነው፤ በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻ ይገባል። ከ100 መራጮች 40ው የመረጡት ሰው 45 ባገኘው ከተሸነፈ፣ የ40ው ድምፅ በምክር ቤት አይታይም። ስለዚህ ወንበር ቈጥሮ የሕዝብን አሳብ አወቅሁ ማለት ስሕተት ነው።

ስለ ሕዝቡስ? በ1987 ቈጠራ ከተማው 2,112,737፣ በ1999 ደግሞ 2,739,551 ሰው ነበረው። በኋለኛው ቈጠራ ከ100 ሰው 47ቱ አማራ፣ ወደ 20 የሚጠጋው ኦሮሞ፣ 16ቱ ጉራጌ፣ 6ቱ ትግሬ ሲሆን፣ ማንም ብቻውን ግማሹን አይሞላም። ለአንድ ወንበር የሚደርሰውም ሰው ከ92,000 ገደማ ወደ 119,000 ከፍ አለ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቈጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲደረግ፣ የምርጫ ክልሎችም ወሰን በዚያው ውጤት እንዲወሰን ያዛል። በ2009 መደረግ የነበረበት ቈጠራ ግን ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው እየተላለፈ እስከ 2017 ሳይደረግ ቀረ። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2018 ለመምረጥ ይደርሳል፤ የወንበሩ ድልድል በሚሠራበት ቈጠራ ውስጥ ግን እርሱ የለም።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን የሚያህለው ልጅ ዛሬ በየክፍላችን ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ስለዚህ የምርጫ ካርድ ስንወስድ፣ ቈጠራውንም አብረን እንጠይቅ።