ስለ ሕፃናት ምግብና ስለ ማኅበር የአትክልት ቦታ

የድኻ ልጅ ይከሳል እንጂ አይወፍርም ይባል ነበር። ዛሬ ግን በየከተማው ስኳርና ዘይት የበዛበት የሱቅ ምግብ ሆድን በጥቂት ሳንቲም ያጠግባል፤ ጎመንና ፍራፍሬ ግን ከማዕድ ይጎድላሉ። በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን ለማጥፋት የቆመ ነው፤ ነገር ግን መቀንጨርና ከልክ ያለፈ ውፍረት በአንድ ቤት አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ምክር፣ ከ2 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በየቀኑ ቢያንስ 250 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይገባዋል። ይህን ሁሉ ከገበያ መግዛት ለቀን ሠራተኛ ከባድ ስለ ሆነ፣ ጓሮ የሌላቸው ቤተ ሰቦች በማኅበር የሚያለሙት ቦታ ያስፈልጋቸዋል።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ባለርስት የሚለመንበት ዘመን አልፏል፤ ጉዳዩ በአስተዳደሩ እጅ ነው። በቃል ብቻ የተሰጠ ቦታ ጎመኑ ሳይደርስ ለሌላ ሥራ ሊወሰድ ስለሚችል፣ ወሰኑና ዘመኑ በጽሑፍ ይሁን።

ለቦሬ የሚስማማው ለነገሌ አይስማማም። ቦሬ ደጋ ስለ ሆነ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይበቅልበታል። ድንችም ያምራል፤ ነገር ግን ቦታውን ሁሉ ድንች ከያዘው የታሰበው ጉዳይ ቀረ ማለት ነው። በነገሌና በቆላው ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቶ ፈጥኖ ያልፋልና፣ ውሃ በሌለበት ሥፍራ አይጀመር። በዚያ ድርቅን የሚችለው ሽፈራው በአጥር ዙሪያ ቢተከል ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል።

ጎመን ሳይነቀል ከታች ቅጠል በቅጠል ቢቀነጠስ ብዙ ሳምንት ይመግባል። ምርቱም አስቀድሞ ለልጆች ማዕድ ይድረስ፤ ሁሉ ተሽጦ ዋጋው ለስኳር ከዋለ ድካሙ ከንቱ ነው።