በሒሳብ መዝገብ የማይገባው ስቃይ
የቁም እንስሳት ንግድ ለነጋዴው የሚያስተምረው

እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2003 ኮርሞ ኤክስፕረስ የተባለች መርከብ 57 ሺህ 937 በጎች ጭና ከአውስትራሊያው ፍሪማንትል ወደብ ወደ ጅዳ ተነሳች። መርከቧ ስትደርስ የሳዑዲ ዓረቢያ የእንስሳት ሐኪሞች ከበጎቹ 6 በመቶ ያህሉ የአፍ ቁስል በሽታ እንዳለባቸው፣ የተፈቀደው ጣሪያ ግን 5 በመቶ መሆኑን ገልጸው ጭነቱን አንቀበልም አሉ። ከመርከቧ ጋር የተጓዘው ሐኪም በበኩሉ የታመሙት ከ1 በመቶ በታች ናቸው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ሳይቋጭ፣ ሌላ ተቀባይ አገርም ሳይገኝ፣ መርከቧ ሁለት ወር ገደማ በባሕር ላይ ቆየች። በመጨረሻ ኤርትራ ለመቀበል ተስማምታ ከኦክቶበር 24 ጀምሮ በምጽዋ ወደብ ማራገፍ ሲጀመር ከ5 ሺህ 600 በላይ የሚሆኑ በጎች ሞተው ነበር። ይህም ከአሥር አንድ ያህል ማለት ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት የተረፉትን ለኤርትራ የሰጠው በነፃ ሲሆን፣ 3 ሺህ ቶን መኖና 1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላርም ጨምሮበታል።

ጉዳዩ በንግድ ዓይን ሲታይ የርክክብ ክርክር ነው። አርቢው ሸጦ ወጥቷል፤ ላኪው ጭኖ ሰነዱን አስተላልፏል፤ መርከበኛው የታዘዘበት ወደብ ደርሷል፤ ተቀባዩ አገር ደግሞ ደንቡን አስከብሯል። እያንዳንዱ የድርሻውን ተወጥቷል ለማለት ይችል ይሆናል። በጎቹ ግን በመርከቧ ውስጥ ቀርተዋል። ውሉ ላይ ያልፈረመው፣ ነገር ግን የውሉን መፍረስ በአካሉ የከፈለው ወገን እንስሳው ነበር።

የሞት ቁጥር ምን ይደብቃል?

የቁም እንስሳት ንግድ ሞትን በሒሳብ ያስገባል። ከመቶ ይህን ያህል በመንገድ ይቀራል ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱም በዋጋው ላይ ይታሰባል። በአውስትራሊያ ሕግ ቀደም ሲል በመርከብ የሚጓዙ በጎች ሞት ለባለሥልጣን ሪፖርት የሚደረገውና የሚመረመረው 2 በመቶ ሲደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 አዋሲ ኤክስፕረስ በተባለች መርከብ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ከተጫኑት 63 ሺህ ያህል በጎች 2 ሺህ 400 ገደማ በሙቀት አለቁ። አንድ ሠልጣኝ መኮንን በመርከቧ ላይ የቀረጸው ፊልም በኤፕሪል 2018 በአገሪቱ ቴሌቪዥን ሲታይ ከፍተኛ ቁጣ ተቀሰቀሰ። ፋንድያ ውስጥ ተዘፍቀው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩት በጎች በሕይወት ቢደርሱ ኖሮ፣ በመዝገቡ ላይ አንዳች ጉድለት ባልታየ ነበር። ሞት ይቆጠራል፤ ስቃይ ግን አይቆጠርም።

ከዚያ ወዲህ የሪፖርቱ ጣሪያ ወደ 1 በመቶ ወርዷል። አውስትራሊያ በጎችን በቁማቸው በባሕር መላክ ከሜይ 1 ቀን 2028 ጀምሮ እንዲቆም እ.ኤ.አ. በ2024 ሕግ አውጥታለች። ብሪታኒያም በዚያው ዓመት የቁም ከብትና በግ ለእርድና ለማደለብ ወደ ውጭ እንዳይላክ በሕግ ከልክላለች። ለላኪው ይህ የገበያ ዜና ነው።

ጥቅምና ርኅራኄ የሚገናኙበት

ለእንስሳ መራራት ኪሳራ ነው የሚል ነጋዴ ሥጋውን ይመልከት። የከብት ጡንቻ ግላይኮጅን የተባለ የኃይል ክምችት አለው። ከእርድ በኋላ ይህ ክምችት ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለወጥ የሥጋው ፒኤች ወደ 5.4 እስከ 5.7 ይወርዳል፤ ሥጋውም ቀይ ሆኖ ይቆያል። ተርቦ ረጅም መንገድ የተጓዘ፣ የተደበደበና የደነገጠ እንስሳ ግን ክምችቱን ጨርሶ ወደ ቄራ ይገባል። አሲዱ በበቂ መጠን ስለማይፈጠር ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። በዱላ የበለዘው ክፍል ደግሞ ተቆርጦ ይጣላል። ከሞጆና ከቢሾፍቱ የቀዘቀዘ የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሚልክ ድርጅት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የማይገናኙበትስ?

ሆኖም በትርፍ ብቻ የቆመ ርኅራኄ ትርፉ ባለቀበት ያበቃል። እግሯን ታስራ ቁልቁል ተንጠልጥላ ከገበያ የምትወሰድ ዶሮ በዋጋዋ ላይ ለውጥ አይታይም። በአውሮፓም ለብዙ ዓመታት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ክንፋቸውን መዘርጋት በማይችሉበት የሽቦ ሳጥን ውስጥ ታጉረው እንቁላሉ አልተቋረጠም። ጥያቄው በሕዝብ ዘንድ የተነሳው ሩት ሃሪሰን የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1964 በጻፈችው መጽሐፍ ነው። በዓመቱ በብሪታኒያ መንግሥት የተቋቋመው የብራምቤል ኮሚቴ እንስሳ ስለወፈረ ወይም ስላመረተ ብቻ አልተሰቃየም ማለት እንደማይቻል አስረዳ። የአውሮፓ ኅብረት ተራውን የሽቦ ሳጥን ያገደው ግን ከ2012 ጀምሮ ነው። እገዳው ሊጸና ሲል በሕጉ ለአንዲት ዶሮ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ስፋት 550 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ይህም ከአንድ ኤ-4 ወረቀት ያነሰ ነው።

ምን ይደረግ?

በአገራችንም ከብቱ ከአርቢው ተነስቶ ቄራ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል። ደላላው የሚከፈለው በአብዛኛው በራስ ቁጥር ነው፤ ሾፌሩ በምልልስ። እንስሳው በምን ሁኔታ እንደደረሰ ከክፍያቸው ጋር ግንኙነት ከሌለው፣ ከአቅም በላይ የጫነም ሆነ ውኃ የነፈገ አይጎዳም። በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ ውሉን ማስተካከል ነው። በአንድ ጭነት የሚፈቀደው ቁጥር፣ የውኃና የዕረፍት ሰዓት፣ በመንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር፤ ከክፍያውም ከፊሉ እንስሳው በደህና መድረሱ ሲረጋገጥ ይከፈል። ተረካቢው አልቀበልም ቢል እንስሳቱ የት እንደሚራገፉና ማን እንደሚቀልባቸውም ከመነሳት በፊት ይወሰን። ኮርሞ ኤክስፕረስ ያጣችው ይህንን ነበር።

ቀሪው ግን በውል የሚያልቅ አይደለም። ዶሮዋን ቀና አድርጎ መያዝ፣ በጉን በመኪና ጣሪያ ላይ አስሮ ከመውሰድ መቆጠብ፣ አንዱን ከብት በሌላው ፊት አለማረድ ለነጋዴው ተጨማሪ ብር አያስገኙለትም። የእስልምና ሃይማኖት አራጁ ቢላዋውን በእንስሳው ፊት እንዳይስል ሲያስተምር የሥጋውን ዋጋ አስቦ አይደለም። እንስሳው ሊታረድ ነው ማለት እስከዚያው ድረስ ሊሰቃይ ይገባዋል ማለት አይደለም። የነጋዴው ምግባር የሚለካውም ገዢ በማይጠይቅበት፣ ዋጋም በማይቀንስበት በዚህ ቦታ ነው።