ከቆላ ወደ ደብረ ብርሃን ግቢ ስትመለሱ፦ ትኩሳቱን «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት



ጥቅምት ሲገባ ብዙ ተማሪ ወደ ግቢ ይመለሳል። አንዳንዱ ከቤተሰብ፣ አንዳንዱ ደግሞ ለተግባር ልምምድ (አፓረንትሺፕ) ከወጣበት ከሸዋሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከመተማ ወይም ከጋምቤላ ነው የሚመጣው። ደብረ ብርሃን በገባ በሳምንት በሁለት ሳምንቱ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት ይጀምረዋል። የዶርም ልጆች «ብርዱን ስላልለመድከው ነው» ይሉታል። ሌላው «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ያሸታል። አንዳንዴ ልክ ናቸው፤ አንዳንዴ ግን ወባ ነው። ልዩነቱን እንይ።

1. ከፍታውና ብርዱ የሚያመጡት

ሸዋሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። ደብረ ሲናን አልፋችሁ የጣርማ በርን ዳገት ስትወጡ በግማሽ ቀን 1,500 ሜትር ያህል ከፍ ትላላችሁ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በአንድ ስድስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ደረጃ ስትወጡ ቶሎ ማለክለክ ሊኖር ይችላል።

ይሄ የሚጀምረው በገባችሁበት ቀን ወይም በማግስቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ይለቃል። ዋናው ነገር፦ ትኩሳት የለውም። እነዚያን ቀናት ውኃ ጠጡ፣ ከባድ ስፖርትና አልኮል ተዉ።

ውጭ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ደግሞ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጠዋት አብረው ያደሩት ሁሉ ራሳቸውን ካመማቸው የከሰሉ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ውጭ አየር ውጡና ወደ ሕክምና ሂዱ።

2. ወባ የሚለይበት

የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝ ንክሻ ከገባ በኋላ ምልክት ለማሳየት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል። ስለዚህ የተነከሳችሁት ቆላ ሆናችሁ፣ የምትታመሙት ደብረ ብርሃን ሆናችሁ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚበረታው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ ግቢ የምትገቡበት ጊዜ ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

ምልክቱ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። አንድ ቀን ተሽሏችሁ በማግስቱ ሊመለስባችሁ ይችላል፤ «ተሻለኝ» ብላችሁ አትዘናጉ።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ማነው? ደጋ ተወልዶ ደጋ ያደገ፣ ለጥቂት ሳምንት ብቻ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ልጅ። ሰውነቱ ወባን ስለማያውቅ ሕመሙ ቶሎ ሊከፋበት ይችላል። ከአንኮበር ገደል ሥር ወዳለው ቆላ ለአጭር ጊዜ ወርዳችሁ የወጣችሁም እዚህ ውስጥ ናችሁ።

3. ክሊኒክ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሉት

«ከቆላ ከመጣሁ ይሄን ያህል ሳምንቴ ነው» በሉ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕይወት ታድናለች። የደብረ ብርሃን ብርድ ለወባ ስርጭት አይመችም፤ ካልነገራችሁት ባለሙያው መጀመሪያ ወባን ላያስብ ይችላል። የደም ፊልም ወይም ፈጣን የወባ ምርመራ ጠይቁ። «ታይፎይድ አለብህ» ቢባልም ወባ መመርመሩን አትተዉ፤ የዊዳል ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑ ወባ የለም ማለት አይደለም። ወባው ኔጌቲቭ ሆኖ ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግስቱ ተመልሳችሁ ድገሙት።

4. መድኃኒቱን በአግባቡ

ኮአርተም ከታዘዘላችሁ ቢሻላችሁም 3ቱንም ቀን ጨርሱ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ጾም ላይ ከሆናችሁ ዘይት ያለው ወጥ ወይም ለውዝ ይሆናል፤ ሰዓቱን ግን አታሳልፉ። የተረፈ ኪኒን ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። ፕሪማኩዊን ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ ያለ ሐኪም አይጀመርም።

5. በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ምልክቶች

👉 መቃዠት፣ ግራ መጋባት ወይም ማንቀጥቀጥ (ራስን መሳት)
👉 የዓይን ቢጫ መሆን፣ ሽንት እንደ ኮካ መጥቆር
👉 ትንፋሽ ማጠር
👉 መድኃኒት እንኳ እስከማይቆይ ድረስ ማስታወክ
👉 መቆም እስኪያቅት መድከም

ወባ ከሰው ወደ ሰው በአንድ ዶርም በመተኛት አይተላለፍም፤ ስለዚህ የታመመ ጓደኛችሁን አትሽሹት። ከአልጋው አንስታችሁ ክሊኒክ አድርሱት፤ እሱ መናገር ቢያቅተው ከየት እንደመጣ እናንተ ንገሩለት።

ዘንድሮ ወደ ግቢ ለሚመለስ ወንድም እህታችሁ ሼር አድርጉ። መልካም የትምህርት ዘመን፣ ጤና ይብዛላችሁ!